ቡፌው ውስጥ የተቆለፈባት ጣሳ

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ በጅን፣ በመንፈስ፣ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ አምኜም አላውቅም። ድሬዳዋ ስናድግ ሌሎቹ ልጆች በቀትር ደረቁ ወንዝ ውስጥ መውረድ ሲፈሩ እኔ ብቻዬን ወርጄ ጠጠር የምለቅም ነበርኩ፣ ሐርጌሳ ከገባሁ ወዲህም ጎረቤቶቻችን ሰብሰብ ብለው የእከሌ ልጅ ተለከፈች፣ የእከሊት ቤት ጣሪያ ላይ ድንጋይ ይወረወራል ሲባባሉ ሻዬን ይዤ የምስቀው እኔ ነኝ። ባሌ ጀማል እንዲያውም አንቺን የያዘ ጅን ካለ ቁርኣን የሚቀራው ለጅኑ ነው ይለኛል። እንግዲህ ይህን የምትሰሙት ከእንደዚህ ዓይነት ሰው መሆኑን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም የምነግራችሁን ነገር በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፣ በምላሴም ቀምሼዋለሁ። ቀምሼዋለሁ ያልኩት ነገር ለማሳመር አይደለም፣ ትደርሱበታላችሁ።

የምንኖረው ጅግጅጋ ያር የሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ነው፣ ከሚኒባሶቹ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ እኔ፣ ጀማልና እናቴ። እማ የወሎ ልጅ ናት፣ ድሬዳዋ አግብታ ድሬዳዋ የወለደች፣ አባቴ ግን፣ አላህ ይዘንለትና፣ የሐርጌሳ ሰው ነበር፣ እሱ ሲሞት እኔ እዚህ ቲኬት ቢሮ ሥራ ይዤ ስለነበር አመጣኋት። ሶማሊኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም፣ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ የሚወራው አማርኛ ነው። ስትመጣ ታዲያ ምን ይዛ መጣች መሰላችሁ፣ ልብሷን በአንድ ፌስታል ቋጥራ ቡፌዋን ከነዕቃው በጭነት መኪና አስጫነችው፣ እመኑኝ አላጋነንኩም፣ ሹፌሩ ከጅግጅጋ ከተማ ደውሎ "እመቤቲቱ ጋቢና አልገባም፣ ከቡፌው ጋር ነው የምሄደው ብለዋል" ብሎኛል።

ያን ቡፌ እናንተም ታውቁታላችሁ፣ እናንተ ቤት ባይኖር አክስታችሁ ቤት ነበረ። መስታወት በር ያለው፣ ቁልፉ ሲዞር የሚንቋቋ፣ ውስጡ የናፍታሊንና የቆየ ሻይ ሽታ ያለው። ቀይ ጽጌረዳ የተሳለበት ፔርሙዝ አለ፣ ቡሹ ከድሮ ጀምሮ በጨርቅ የተጠቀለለ። ጠርዛቸው ወርቃማ የሆነ ብርጭቆዎች አሉ፣ ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ። ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ተጠምዶ በእጅ የሚዞር የስጋ መፍጫ አለ፣ ባለ ክር ቡታጋዝ አለ፣ ክሩ ካለቀ ስንት ዘመኑ ነው፣ አሁንም ግን ጠጋ ስትሉት ላምባ ላምባ ይላል። ደግሞ እነዚያ አበባ የተሳለባቸው የብረት ሳህኖች፣ ወድቀው የማይሰበሩት፣ ቀለማቸው ብቻ እየተላጠ ከሥር ጥቁር የሚሆኑት። ጀማል አንዴ እነዚህን ለምን አንሸጣቸውም ብሎ እማ ሳምንቱን ሙሉ ሻዩን ያለ ስኳር አጠጥታዋለች።

እንዲህ ያለ ቤት ያደገ ሰው ሕጉን ያውቀዋል፣ ጥሩ ነገር የእንግዳ ነው። እኛ የቤቱ ልጆች በተሸረፈ ኩባያ እየጠጣን ወርቃማዎቹን ብርጭቆዎች በመስታወት እናያቸዋለን፣ ከብርጭቆዎቹ በላይ ደግሞ፣ ከሁሉ በላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ የጣሳ ጁስ ይቀመጣል። ያኔ የጣሳ ጁስ እንደ ዛሬ በየሱቁ የሚገኝ አልነበረም፣ በኮንትሮባንድ ከእነ ጅቡቲ፣ ከእዚሁ ከሐርጌሳ በኩል ነበር የሚገባው፣ የሚገዛውም ለእንግዳ ወይም ለበሽተኛ ነው። ወላሂ እኔና ወንድሜ ወባ ይዞን በሆነ እያልን እንመኝ ነበር፣ አንድ ጊዜ ተሳክቶልኝ ወባ ሲይዘኝ ያመጡልኝን የማንጎ ጁስ አስመለስኩት።

ወንድሜ ነስሩ ይባላል፣ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ጣሳ በእጁ ሲገባ አንድ ልማድ ነበረው፣ ክዳኑን በጥፍሩ ያንኳኳዋል፣ ቋ ቋ ቋ፣ ለምን ሲባል "ሰው ቤት ሳያንኳኩ ይገባል እንዴ?" ይል ነበር። ከዚያ ቀለበቷን ይስባታል፣ የያኔዎቹ ጣሳዎች ቀለበታቸው ከነምላሷ ተነቅላ እጅ ላይ ትቀራለች፣ ታስታውሷታላችሁ፣ እሷን ጣቴ ላይ ያጠልቅና "ይሄው ቀለበትሽ፣ ተዳርሻል" ይለኛል። ከዚያ ግማሹን ይጠጣል፣ ግማሹን ብቻ፣ አንድ ጉንጭ እንኳን ሳያሳልፍ፣ የቀረው የኔ ነው። ባዶዋን ጣሳ ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ጋ ወስደን ኩራዝ ወይም ባለ እጀታ መቅጃ እናሠራት ነበር። ሠላሳ ጣሳ አይሞላም በዕድሜያችን የጠጣነው፣ ግን እያንዳንዷን አስታውሳለሁ ብል ማን ይከራከረኛል።

ነስሩ የወጣው በታህሪብ ነው፣ እዚህ እንደዚያ ይሉታል፣ በሱዳን በሊቢያ አድርጎ በባሕር ወደ አውሮፓ። የሄደ ዕለት ሁለት ጣሳ የማንጎ ጁስ ይዞ መጣ፣ አንዷን እንደ ልማዳችን ለሁለት ጠጣናት፣ ሁለተኛዋን እማ ቀማችውና ቡፌው ላይኛው መደርደሪያ ላይ አድርጋ ቆለፈች፣ "ይቺ ስትመለስ" አለችው። ከሊቢያ ዳርቻ አንድ ጊዜ ደወለ፣ ነገ እንሳፈራለን አለ፣ ከዚያ ለእማ "ጣሳዬን ለእንግዳ እንዳትሰጪብኝ" ብሎ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ድምፁን የሰማ የለም። ከአሥር ዓመት በላይ ሆነ።

ጀልባ ሰምጧል ያሉን ሰዎች አሉ፣ እስር ቤት አይቼዋለሁ ያለም አንድ ሰው ነበር፣ የእሱ ወሬ ደግሞ ውሸት ሆኖ ተገኘ። ኢማሙ ሬሳው ለሌለ ሰው የሚሰገድ ሰላት አለ፣ ሰላተል ጋኢብ፣ ይሰገድለትና እናትየዋም ትረፍ ብለው ነበር፣ የአባቴ እህትም 26 ጁን ከሚባለው ሰፈር ድረስ ለዚሁ ጉዳይ እየተመላለሰች መከረቻት። እማ ግን አንድ መልስ ብቻ ነበራት፣ ጣሳዋን የሚከፍታት እሱ ነው፣ እስክትከፈት ልጄ በሕይወት ነው። የቡፌውን ቁልፍ በገመድ አንገቷ ላይ አድርጋ ነው የምትተኛው፣ የግቢውንም በር መቀርቀሪያ አታስገባም፣ ሌባ ይገባል ስንላት "ነስሩ ቢመጣስ፣ ደጅ ይቁም?" ትላለች። እየከሳች፣ ለደወለ ስልክ ሁሉ እየደነገጠች፣ እንቅልፍ አጥታ ዓይኔ እያየ አለቀችብኝ። እኔ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፣ ተሰግዶለት እናቴ እንድትተኛልኝ።

እና ይህ የምነግራችሁ ነገር ከሆነበት ዕለት ሦስት አራት ቀን ቀደም ብሎ ተጣላን። ጣሳዋ ከማርጀቷ ብዛት ቀለሟ ጠፍቶ፣ ማንጎው የተሳለበት ነጭ ሆኖ፣ ክዳኗ ማበጥ ጀምሮ ነበር፣ ትፈነዳለች እንጣላት አልኳት፣ እምቢ አለች፣ እኔም ቁጣዬ ቅርብ ነው፣ "የሞት ወረቀት የሚሰጠው የጣሳ ጁስ ነው እንዴ?" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ስታናግረኝ ፊቷን አዙራ ሆነ።

ሐርጌሳን በቀትር የማያውቅ ሰው ዝምታ ምን እንደሆነ አያውቅም። ሱቁ ይዘጋል፣ ቢሮው ይዘጋል፣ ወንዱ ጫቱን ይዞ ይከተታል፣ ፍየሎቹ እንኳን ከግድግዳ ጥላ ሥር ተለጥፈው አይንቀሳቀሱም። ጀማል ዕቃ ሊያመጣ ቶጎ ውጫሌ፣ ድንበሩ ጋ ሄዷል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። እማ ሳሎን ፍራሿ ላይ ጋደም ብላ ሙስበሃዋ፣ መቁጠሪያዋ፣ በእጇ እንዳለ እንቅልፍ ወስዷታል፣ እኔ ደግሞ በሽምግልና መልክ እነዚያን የብረት ሳህኖች በጠዋት አስወጥቻት፣ ጓዳ ቁጭ ብዬ በአመድ እየፈተግኋቸው ነው፣ ስትነሳ አብርተው ስታያቸው ትስቅልኛለች ብዬ።

ቋ ቋ ቋ።

አይጥ ነው አልኩ። ደግሞ የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ሲሰፋ እንዲህ ይላል፣ የሐርጌሳ ቆርቆሮ ቀትር ላይ ሲያወራ ነው የሚውለው። ፍተጋዬን ቀጠልኩ። ቋ ቋ ቋ፣ አሁንም። እጄ ቆመ። ቆርቆሮ እንደዚያ አይልም፣ አይጥም እንደዚያ አይልም፣ ጥፍር ነው፣ በስስ ብረት ላይ የሚመታ ጥፍር፣ ደግሞ አመታቱ የመጨረሻዋን ትንሽ ያዘገያታል፣ እሱ እንደሚያዘገያት። እማ ተነስታ ነው ብዬ ራሴን ተቆጣሁና እጄን ቀሚሴ ላይ እየጠረግሁ ወደ ሳሎን ሄድኩ፣ እማ እንደተኛች ናት፣ ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ቁልፉ ከአንገቷ ወርዶ ትራሱ ላይ ተጋድሟል፣ ገመዱ ግን አንገቷ ላይ ነው። ቡፌው ተቆልፏል። ጣሳዋ በቦታዋ ናት፣ ያበጠ ክዳኗ፣ የዛገች ቀለበቷ፣ ሁሉም አለ፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ይህን ያዙልኝ።

ተመለስኩ። ጓዳው በር ላይ ሳልደርስ ከኋላዬ ጭስስስ አለ። ያ ድምፅ፣ ጣሳ ሲከፈት የሚወጣው፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። ከዚያ ሽታው መጣ። ማንጎ። የዛሬ ማንጎ አይደለም፣ ያ ስኳር ስኳር፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ የሚለው፣ ወባዬን ያስታወሰኝ ማንጎ።

ዞሬ ለማየት የፈጀብኝን ጊዜ አላህ ያውቀዋል። ቡፌው እንደተቆለፈ ነው፣ ሄጄ ሳብኩት፣ አልከፈት አለኝ። ከመስታወቱ ጀርባ ጣሳዋ ተከፍታለች። አፏ ጥቁር ሆኖ ወደ እኔ ዞሯል፣ ቀለበቷ የለችም፣ ከነምላሷ የለችም፣ በጎኗ ደግሞ ውሃ እየወረደ ነው፣ ከማቀዝቀዣ አሁን የወጣ ጣሳ እንደሚያልበው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም ብያችኋለሁ። ያ መደርደሪያ የእሳት ያህል የሚሞቅ ነው፣ ግድግዳው ፀሐይ የሚያገኘው ነው። እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ፣ አልጮህኩም፣ አልሮጥኩም፣ እንደ ሞኝ የቀኝ እጄን ጣቶች አየሁ፣ ቀለበቷ እዚያ ያለች ይመስል።

"መጣ?" አለች እማ።

ዓይኗን ገልጣ ታየኛለች። ተነሳች፣ በእጇ ገፋ አደረገችኝ፣ ቁልፉን አስገባች፣ ያ መንቋቋት ተሰማ፣ ጣሳዋን አወረደቻት። ቅዝቃዜዋ ስለያዛት ከአንዱ መዳፏ ወደ ሌላው አዛወረቻት። ወዘወዘቻት፣ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሰማቻት፣ "ግማሽ ነው" አለች፣ ፈገግ ብላ። እናቴን ከዚያ በፊት ፈገግ ስትል ያየሁበትን ጊዜ አላስታውስም። ከዚያ አንድ ጉንጭ ጠጣች።

ፈገግታው ፊቷ ላይ እያለ ሞተ። እንደዚያ ነው የማውቀው፣ ሌላ ቃል የለኝም። ጣሳዋን ሰጠችኝና "ቅመሺው ሰሚራ" አለችኝ። አልቀምስም ማለት ነበረብኝ፣ አሮጌ ጁስ ነው፣ ይመርዛል፣ ግን የቀረው የኔ ነበር፣ ሁልጊዜም የቀረው የኔ ነው፣ እናም ቀመስኩት። ጨው ነው። ማንጎው ይሸታል፣ ምላስ ላይ ሲደርስ ግን ጨው፣ የሚያቅለሸልሽ፣ ጉሮሮ የሚይዝ፣ በርበራ ሄጄ ስዋኝ አፌ የገባብኝ ዓይነት ውሃ።

"ባሕር ነው" አለች እማ። ፍራሿ ላይ ቁጭ አለችና "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አለች፣ ለሞተ ሰው እንደሚባለው፣ ቀስ ብላ፣ ከዚያ ቀና ሳትል "ለኢማሙ ንገሪያቸው፣ ይሰገድለት" አለችኝ። አላለቀሰችም። ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ ከደስታ ይሁን ከድንጋጤ እስካሁን አልለየሁትም፣ የለመንኩት ነገር ተሰጥቶኝ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይሄኔ ረስቼው ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ አስር ሰላት ላይ፣ ውሃ ላስቀዳ የግቢውን በር ስከፍት ጎረቤታችን ሐሊሞ ደጇ ላይ ወንበሯን አውጥታ ተቀምጣለች። ሐሊሞ ደግ ሴት ናት፣ አማርኛ የምትባል አንዲት ቃል አታውቅም፣ ሰላምታ እንኳን ሳስተምራት ስቃ ትተወዋለች። በሶማሊኛ "እንግዳችሁ ሄደ?" አለችኝ። የምን እንግዳ አልኳት። ቀትር ላይ ከግድግዳው ወዲያ ወንድ ሲስቅ ሰምታለች፣ ጀማል አለመኖሩን ስለምታውቅ ዘመድ ከኢትዮጵያ መጣላቸው ብላ ደስ ብሏታል፣ ሥጋ ቢጎድላችሁ ልላክ ብላም አስባ ነበር። ከዚያ "አንድ ቃል ሲል ነበር፣ ምን ማለት ነው?" አለችኝና ቃሉን ለማስታወስ ግንባሯን አሸች። "ይሄው" አለች። "ይሄው፣ ይሄው። እንዲህ ነበር የሚለው።"

ጄሪካኑ ከእጄ ወደቀ።

ጀማል ማታ ሲገባ ነገርኩት። ጀማል ጥሩ ሰው ነው፣ ለሁሉም ነገር ምክንያት አለው። ጣሳ ሲያረጅ ውስጡ ጋዝ ይፈጥራል አለኝ፣ ሙቀቱ አፈንድቶታል፣ ጋዝ በድንገት ሲወጣ ቆርቆሮውን ያቀዘቅዘዋል፣ ጨው ጨው ያለሽ ደግሞ ብረቱ ዝጎ ነው። መልካም። ታዲያ ቀለበቷስ አልኩት። ባትሪ አምጥቶ መደርደሪያውን አንድ በአንድ አየ፣ ብርጭቆዎቹን አወጣ፣ ፔርሙዙን ገለበጠ፣ ሁለት ሆነን ቡፌውን ከግድግዳው አራቅነው፣ የለችም። እንጨቱ ላይ አንዲት ጠብታ ጁስ የለችም፣ ጣሳ ፈንድቶ አካባቢውን ሳይረጭ የሚቀረው እንዴት ነው? ያም ይሁን። ከዚያ የሐሊሞን ነገርኩት። ባትሪውን አጠፋ፣ በማግስቱ ቤቱ ውስጥ ቁርኣን የሚቀሩ ሰዎች ጠርቶ አመጣ፣ በጅን ስም ሲያሾፍብኝ የኖረው ሰውዬ።

ጁምዓ ዕለት ተሰገደለት። አክስቴ መጣች፣ ሐሊሞ ሩዝ ሠርታ በትልቅ ትሪ ላከች፣ እማም እንግዶቹን በእነዚያ ወርቃማ ብርጭቆዎች አጠጣች፣ አንድ በአንድ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ትተኛለች። ስልክ ሲጮህ አትደነግጥም፣ ሥጋዋ ተመልሷል፣ ሊመሽ ሲል ደግሞ ራሷ ወጥታ የግቢውን በር መቀርቀሪያ ታስገባለች፣ ቀትርም ላይ ሳትተኛ በፊት እንዲሁ። የፈለግሁት ሁሉ ሆነ።

እኔ ግን ያልሆንኩትን ሆንኩ። ቲኬት ስቆርጥ፣ ሚኒባስ ላይ ተቀምጬ፣ አንድ ነገር ይመላለስብኛል፣ የሞተ ሰው ይጠማዋል እንዴ? የሞተ ሰው ያንኳኳል፣ ይስቃል፣ ለእህቱ ግማሽ ያስቀራል? ደግሞ ቀለበቷን ይዞ ይሄው ያለው ለማን ነው፣ ቆሜ እያለሁ፣ ጣቴ ባዶ ሆኖ? ሰጠኝና ሳላያት ወደቀች ወይስ ይዟት ሄደ? ሐሊሞ የሰማችው አንድ ጊዜ አይደለም፣ ይሄው፣ ይሄው፣ ደጋግሞ ነው፣ የማይሰማ ሰው እንደሚያናግሩት።

ባለፈው ሳምንት ከቢሮ ስመለስ መንገድ ዳር ካለው ሱቅ አንድ የማንጎ ጁስ ገዛሁ። የአሁኖቹ ቀለበታቸው አይነቀልም፣ ወደ ውስጥ ተጭኖ ይቀራል፣ ባለሱቁን የድሮው ዓይነት የለህም ወይ ብዬው ታማለች እንዴ በሚል ዓይን አየኝ። ቤት ስገባ ቡፌው ተከፍቶ ነበር፣ እማ ሳህኖቿን እየመለሰች ነው፣ የገዛኋትን ጣሳ ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ እዚያው ቦታ አስቀመጥኳት። እማ ጣሳዋን አየቻት፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

"ለማን ናት?" አለች።

"የእንግዳ ናት" አልኳት።

አልተቆጣችም፣ አልመከረችኝም። ቡፌውን ቆለፈችና ገመዱን ከአንገቷ አውልቃ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ። አሁን እሱን ይዤ ነው የምተኛው፣ ጀማል ይቆረቁረኛል ይላል። ቀትር ላይ ቢሮ ዘግቼ ቤት እመጣለሁ፣ እማ የግቢውን በር ቀርቅራ ፍራሿ ላይ ጋደም ትላለች፣ ትንፋሿ ረዘም ረዘም እስኪል እጠብቅና ጫማዬን አውልቄ ወደ ግቢው እወጣለሁ፣ መቀርቀሪያውን ቀስ ብዬ ስቤ አወጣዋለሁ።